ጥቅምት በቤይሩት ባሕር ዳር

ወልቂጤ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሜዲትራኒያንን በሰማያዊ ጠመኔ ስንቴ እንደ ሣልሁት እንጃ። «እዚያ ዝናቡ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ጠብታ የለም» ስላቸው ተማሪዎቼ የተሳሳትሁ ይመስላቸዋል። በሐምሌ ጭቃ ቦት ጫማ ለሚነጥቀው ሰው እውነትም ይከብዳል።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአምስት ቀን ሥልጠና ቤይሩት ተላክሁ። እናቴ ሥልጠናውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ለእሷ የምሄደው ታናሽ እህቴን ለማየት ነው። ሚጥሚጣና የተነጠረ ቅቤ ቋጥራ፣ «መስቀልን ያለ እሷ ስንበላ ስንት ዓመታችን ነው?» አለችኝ። እህቴ ከሄደች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አገሯ የገባችው ለአንድ መስቀል ብቻ ነው። የቤታችን ቆርቆሮ የተመታው በእሷ ገንዘብ ነው።

እሑድ ዕረፍቷ ነበር፤ ዶራ ከሚባለው ሰፈር ተገናኘን። በዚያ ቀን ዶራ አማርኛ በአማርኛ ነው፤ እንጀራውም ቡናውም አለ። ቅቤውን ከፍታ አሸተተችና ወዲያው ከደነችው። ከዚያ በሰርቪስ፣ ማለትም ሰው እየጫነ በሚሄደው ታክሲ፣ ወደ ባሕሩ ወረድን።

ኮርኒሽ የሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ሰፊ የእግረኛ መሄጃ አለው። የበጋው ግርግር አልፏል፤ ፀሐዩ ግን አያቃጥልም፣ ውሃውም ገና ሞቅ ያለ ነው። ሽማግሌዎች ረጃጅም የዓሣ መያዣ ዘንግ ከብረት አጥሩ ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ። በሰሊጥ የተለበጠ ቀለበት ዳቦ የሚሸጥ ልጅ ይጮኻል። ራውሼ ጋ ስንደርስ ሁለቱ ታላላቅ አለቶች ከውሃው መካከል ቆመዋል፤ በአንደኛው ሥር ጀልባ ያልፋል። እኔ ፎቶ ሳነሣ እሷ ወደ አድማሱ ታያለች።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ የወደቀው በዚህ በኩል ነው» አለችኝ።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በዝናብና በመብረቅ ሌሊት፣ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ባሕር ገባ። ዘጠና ሰዎች ነበሩበት፤ የተረፈ የለም። ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የቤት ሠራተኞችም ነበሩበት። እህቴ ያኔ ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር። ስልክ ስላልነበራት እኛ ጋ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ተቀምጠን እንደ ነበር የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው።

«ከዚያ ወዲህ ውሃውን ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። ከስምንተኛ ፎቅ በረንዳ በየቀኑ ታየዋለች፤ መስታወቱን የምትወለውለው እሷ ናት። በበጋ ልጆቹን ይዛ ወደ መዋኛ ክበብ ትሄዳለች፤ ፎጣ ይዛ ከጥላው ሥር ትቀመጣለች። ውሃ ውስጥ መግባት ለእሷ ዓይነት ሠራተኛ አይፈቀድም።

ወደ ደቡብ ተጉዘን ራምሌት አልበይዳ ደረስን፤ «ነጭ አሸዋ» ማለት ነው። ቤይሩት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚገባበት አሸዋማ ዳርቻ ይኸው ነው። የከተማው ፍሳሽ በአቅራቢያው ስለሚለቀቅ ብዙ የአገሬው ሰው አይዋኝበትም። እሷ ግን ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ማዕበሉ ሲመጣ እንደ ልጅነታችን ጮኸች። ከእጇ ጨልፋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ዋቤ ይሻላል!» አለች።

እኔም መምህርነቴ አይለቀኝም፤ ዋቤ ጊቤ ገብቶ፣ ጊቤም ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ እንደሚቀር፣ የእኛ ውሃ ባሕር የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ነገርኋት። «እንግዲያው እኔ በለጥሁት» አለች።

ለእናታችን ደወልን። ድምፁን ልታሰማት ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዘረጋች። እናቴ፣ «ዝናብ ነው? ልጄ፣ ተጠለሉ እንጂ!» ትላለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አሥራ ሁለት ላይ ቤት መግባት አለባት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ እግሯን ጠረገች፤ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር። ጫማዋንም አንድ በአንድ ገልብጣ አራገፈች።

«ምን ያስቸኩልሻል፣ ትንሽ አሸዋ ነው» አልኋት።

«የሚጠርገው ሰው እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለችና ክሯን ማሰር ጀመረች።