የገጽ ዕቁብ

ስለ መጻፍ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው። እንግዳ የሚፈልገው ወጡን እንጂ ስለ ምድጃው የሚሰጥ ማብራሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ግቢ ውስጥ «ድሮ እጽፍ ነበር» የማይል ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝምና ይህ «ድሮ» ስለሚባለው በሽታ ጥቂት ብናገር ጓደኞቼ ይታገሡኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የበሽታው ምልክት የታወቀ ነው። በሽተኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በሚኒ ሚዲያ ግጥም አንብቦ ተጨብጭቦለታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ከአልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። ለምን እንደማይጽፍ ቢጠየቅ «ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ» ይላል። ስሜት ግን እንደ ቡራዩ ታክሲ ነው፤ ሲጠብቁት አይመጣም፤ የመጣም እንደሆነ ሞልቶ ነው።

የእኔም ማስታወሻ ደብተር ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖሯል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲወደድ ቤተሰቤ ወደ ቡራዩ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ አስኮ ላይ ወርጄ፣ ሌላ ታክሲ ተሰልፌ ስድስት ኪሎ እደርሳለሁ፤ ማታም መንገዱ ያው ነው። በዚህ ዓይነት ውሎ ወደ ቤቱ የገባ ሰው እጁ የሚዘረጋው ወደ ብዕር ሳይሆን ወደ ትራስ ነው።

ዳሩ ግን ጊዜ ተርፎት የጻፈ ደራሲ በታሪካችን እምብዛም አይገኝም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለውን የተማሪዎች ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው በዓሉ ግርማ ከ«ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) እስከ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ባሉት 13 ዓመታት ስድስት ልብ ወለድ ሲያሳትም ከጋዜጣ አዘጋጅነት እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹመት ድረስ የሙሉ ቀን ሠራተኛ ነበረ። ኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነው ነቢይ መኰንን ደግሞ የማርጋሬት ሚቼልን ያን ሁሉ የሚያህል ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት የለኝም፣ ጠረጴዛዬ ይነቃነቃል የሚል ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ማለት ይገባዋል።

እርግጥ ነው፣ የታላላቅ ሰዎችን ስም መጥራት ብቻውን ገጽ አያስሞላም። እኔ ራሴ ይህን ታሪክ እያወቅሁ ሁለት ዓመት ተኝቻለሁ። ደብተሬን ያስከፈተኝ አርአያ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክፍል የምንማር ሦስት ጓደኛሞች ወደዚህ ግቢ የምንገባው በሦስት በር ነው። እኔ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ አንዲት እኅታችን ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ በአዲሱ ገበያ በኩል፣ አንድ ወንድማችን ደግሞ ከሰበታ በጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል እንመጣለን። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ የታክሲ ረዳት ግን አሁንም የሚጠራቸው በቀድሞ ስማቸው ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ የሱሉልታዋ ልጅ፣ «እናቴ የዕቁብ ብር ለመክፈል ስትል የማትሠራው ሥራ የለም፤ ለራሷ አስቀምጪ ብትባል ግን አንድ ብር አታስቀምጥም» አለችን። ከዚህች ንግግር የገጽ ዕቁብ ተወለደ።

ደንቡ አጭር ነው። በየዓርቡ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ይዞ ይመጣል። ዕጣ የወጣለት ሦስቱንም ገጾች ወስዶ ሳምንት ያነብባል፤ በሚቀጥለው ዓርብም ያነበበውን ይናገራል። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው። ያላመጣ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ገጽና የሦስት ሰው ሻይ ከነፓስቲው ይከፍላል። የገጹ ጥራት አይመረመርም፤ የተቀደደ አሥር ብርም አሥር ብር ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ የዕቁቡ ኀይል ያለው በዚህች ደንብ ውስጥ ነው። መጥፎ ገጽ ለማምጣት የተፈቀደለት ሰው ከአራት መጥፎ ገጾች በኋላ አንድ ደኅና ገጽ ያመጣል፤ ደኅና ገጽ ብቻ እንዲያመጣ የታዘዘ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቁ ነበር። ሦስታችንም ስለ ጨረቃ ጻፍን። በአራተኛው ሳምንት ሌላ ደንብ ጨመርን፤ እያንዳንዱ በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ያየውን ወይም የሰማውን ብቻ እንዲጽፍ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ጨረቃዋ ዐረፈች።

የሰበታው ወንድማችን ዓይነ ስውር ነው፤ የተማረውም እዚያው በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። የሚጽፈው በስሌትና በስታይለስ፣ ነጥብ በነጥብ እየበሳ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባልና። ገጹ ሙሉ ይሁን ጎደሎ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ በዕቁቡ ውስጥ ኦዲት የማይደረግ እርሱ ብቻ ነው። ዕጣው ለሌላው ሲወጣ ገጹን በጣቱ እየዳሰሰ ያነብብልናል፤ ዕጣው ለራሱ ሲወጣ እኛ የእኛን በስልክ ድምፅ ቀርጸን እንሰጠዋለን። ከገጾቹ አንዱ ስለ ሰበታ ባቡር ጣቢያ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ጫፉ እዚያ ነው። እርሱ የጻፈው ግን ስለ ሐዲዱ ሳይሆን፣ የመኪና ጥሩምባ ለለመደ ጆሮ የባቡሩ ድምፅ በሌሊት ምን ያህል ሩቅ አገርን እንደሚያስናፍቅ ነው። ሰበታን ስንት ጊዜ እንዳለፍኋት አላስታውስም፤ በጆሮዬ ያየኋት ግን የዚያን ቀን ነው።

የሱሉልታዋ ልጅ መጀመሪያ ያመጣቻቸው ገጾች ስሕተት የሌለባቸው፣ ነገር ግን በድን የሆኑ ነበሩ። አንድ ዓርብ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ጽፋ መጣች። አንብባ ተረጎመችልን። ስለ አያቷ የሣር ሜዳ ነበር። የሱሉልታ ሣር በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ታጭዶ የአዲስ አበባን ላም ሲቀልብ እንደኖረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በማለዳ በዚያ ሜዳ ዳር ሯጮች ያልፋሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራውም በዚያችው ከተማ ነው። አያቷ ሯጮቹን መጀመሪያ ያዩ ጊዜ «እነዚህን ልጆች ማን እያባረራቸው ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሜዳው ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል። አያቷ ግን ኅዳር ሲመጣ አሁንም ማጭዳቸውን ይስላሉ። ስለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በቦታው ይሰቅሉታል።

አንብባ ስትጨርስ ማንም አልተናገረም። ይህ ገጽ በመጽሔታችን ይውጣ አልሁ እኔ። እርስዋ ግን «አያቴ በሕይወት እያሉ ሐዘናቸውን የማያውቁት ሰው እንዲያነብበው አልፈልግም» አለች። የሰበታው ልጅ ደግሞ «ቢታተም ምን ይመጣብናል?» ሲል ጠየቀ። ይህች ጥያቄ በአገራችን የዋዛ አይደለችም። በ2004 ዓ.ም. «ዞን 9» በሚል ስም በኢንተርኔት መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ስሙን የወሰዱት ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ስምንት ዞኖች ሲሆን ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። ሰባት ወር ያህል ከጽሑፍ ርቀው ከቆዩ በኋላ «ተመልሰናል» ባሉ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ ስድስቱ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ። በሽብር ተከስሰው የመጨረሻዎቹ ከወኅኒ የወጡት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። ወደ መጻፍ መመለስ በዚህ አገር ይህን ያህል ዋጋ ተከፍሎበታል። ስለዚህ ጓደኛዬን «አትፍራ» ልለው አልደፈርሁም። የተስማማነው ማተምና መጻፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለ መሆናቸው ነው። ገጹን ማውጣት አለማውጣት የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ዓርብ ገጽ ይዞ መምጣት ግን ዕዳ ነው። ከላይ የጻፍሁትን ያህል እንድነግራችሁም ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች።

የእኔ ገጾች ይህን አያህሉም። አብዛኞቹ ስለ ውሃ ናቸው። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች ቀደምቱ የሆነው ገፈርሳ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ እናቴ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ቢጫ ጀሪካን ይዛ ትሰለፋለች። በዚያ ሰልፍ የሚወራውን እንዳለ መገልበጥ ጀምሬአለሁ። የምጽፈው ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ ሰልፍ ለሰልፍ እንደሚስማማ ማን ያውቅ ነበር?

እስካሁን 19 ዓርብ ቆጥረናል። ከ57 ገጽ የጎደሉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም የሰበታው ልጅ ዕዳ ናቸው። ሻዩን ከነፓስቲው ከፍሏል፤ ለገጾቹ ግን ወረቀት አለቀብኝ ይላል። እውነቱን ነው፤ ብሬል ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል፤ እርሱም የሚጽፈው ባለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የ2016 ወይም የ2017 ዓ.ም. ቀን መቁጠሪያ አሁንም በመኝታ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁ ጓደኞች ካላችሁ እስከ ዓርብ በተማሪዎች ኅብረት ቢሮ ብትተዉልን ዕቁባችን ያመሰግናል። የተጻፈበት ቢሆንም ግድ የለውም።