በፍኖተ ሰላም የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ምን ይሠራል?

እኔ በማስተምርባት በፍኖተ ሰላም ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን «ወደ ፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከፊሎቹ ሐኪም፥ ከፊሎቹ መሐንዲስ፥ ቁመታቸው ዘለግ ያለው ደግሞ አውሮፕላን ነጂ ይሆናሉ። መምህር እሆናለሁ ያለኝ ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ደመወዛችንን ስለሚያውቁ አልፈርድባቸውም። አንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር አንድ የቡሬ ገጠር ልጅ ተነሥቶ «እኔ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

የሳቁትም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከተማችን የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ መንገድ ሰንጥቋት ያልፋል፤ ፎቆችም በመንገዱ ግራና ቀኝ ብቅ ብቅ ብለዋል። ሆኖም እኛ ፎቅ የምንወጣው እንደ ጥንቱ በጉልበታችን ነው። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ አሳንሰር ያዩት በፊልም ብቻ ነው። (ቃሉን የወሰድነው ከፈረንሳዮች ነው፤ ዛሬ ወጣቱ ከእንግሊዞች ተበድሮ «ሊፍት» ይለዋል። እኔ ከኛ ጋር የከረመውን እመርጣለሁ።)

ከትምህርት በኋላ ልጁን አስቀርቼ ብጠይቀው ነገሩን አጫወተኝ። ታላቅ ወንድሙ እርሻውን ትቶ በአንድ ትልቅ ከተማ በሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ነበር። አንድ ምሽት በአራተኛው ፎቅ የቀረ ዕቃ ሊያነሣ ሲመለስ፥ መተላለፊያ መስሎት ለአሳንሰር ተብሎ በተተወው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። መብራት አልነበረም፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተጋደመች አንዲት ጣውላ እንኳ አልነበረችም።

«መምህር፥ ወንድሜን የገደለው ገና ያልተገጠመ አሳንሰር ነው» አለኝ። «የሚቆጣጠር ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጣውላ ያስመታ ነበር።»

ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም። የፊዚክስ መምህር እንደ መሆኔ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱን በአሳንሰር ጀመርሁት።

ሰውን በገመድ ወደ ላይ ማውጣት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው ከቆዳ የተገመደ ጠፍር ጨብጦ ገደሉን ይወጣል፤ ሌላ ገመድ ደግሞ በወገቡ ታስሮለት ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስቡታል። ልብ በሉ፤ እጁ ቢዝል የሚይዘው ያ ሁለተኛው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ኢላይሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ በገመድ በተንጠለጠለ ወለል ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠው። ወለሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው ከተማ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ ሰው የሚያመላልስ አሳንሰር ተገጠመ። ይህ ባይሆን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያስመረቀውን 209 ሜትር ሕንፃ ማን በእግሩ ይወጣው ነበር?

በዛሬው አሳንሰር ሳጥኑ የሚንጠለጠለው በአንድ ገመድ አይደለም። የብረት ገመዶቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የሚሸከሙትን ጭነት 12 እጥፍ እንዲችሉ ተደርገው ይመረጣሉ። በሌላው ወገን እንደ ገበያ ሚዛን የሚያመዛዝን ክብደት አለ፤ እሱም ከባዶው ሳጥንና ከጭነቱ ግማሽ ገደማ ጋር ይስተካከላል። ሳጥኑ ከተወሰነለት ፍጥነት ቢያንስ 15 ከመቶ ያህል አልፎ ቢሮጥ የፍጥነት ጠባቂው ሽብልቆቹን ይስባል፤ ሽብልቆቹም የብረቱን ሐዲድ ነክሰው ያቆሙታል። ሽብልቅ የመጥረቢያን እጀታ እንዴት እንደሚያጠብቅ ለሚያውቁ የገበሬ ልጆች ይህን ለማስረዳት ብዙ ጠመኔ አልፈጀብኝም።

እንግዲህ ገመድ ተበጥሶ ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች መውረዱ በፊልም እንጂ በኑሮ ብርቅ ነው። የሚያስፈራው በሩ ነው። ሳጥኑ በሌለበት የሚከፈት በር፥ ከወለሉ ጋር ሳይስተካከል የሚቆም ሳጥን፥ ተበላሽቶ በሽቦ የታሰረ መቆለፊያ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ያልከደነው ባዶ ጉድጓድ። ተቆጣጣሪው በየፎቁ እየዞረ ሳጥኑ በሌለበት በሩን ሊከፍት ይሞክራል። የገመዱን ውፍረት ይለካል፥ የተበጠሱትን ሽቦዎች ይቆጥራል፥ ፍሬኑን ይፈትናል፥ የድረሱልኝ ደወሉን ይደውላል። «8 ሰው፥ 630 ኪሎ» የሚለው ሰሌዳ መለጠፉንም ያያል። ያ ሒሳብ ለአንድ ሰው 75 ኪሎ ብሎ የተነሣ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ሰው ብቻውን ከሁለት ሰው ይበልጣል። ይህን ስናገር ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ልጁም አብሮ ነበረ።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቼ ግን የሥራው ክብደት ከገመዱ ላይ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ባለሕንፃው «እስቲ በመጀመሪያ ምሳ እንብላ» ይላል፤ ከምሳው በፊት ደግሞ ከላይ ስልክ ይደወላል። «ይህ አሳንሰር እስኪጠገን አይሠራም» ብሎ ወረቀት ለጥፎ የሚሄድ ጀማሪ ሠራተኛ በማግሥቱ ምን እንደሚገጥመው ከእናንተ በላይ አላውቅም። በክፍል ውስጥ ይህን የማስተምርበት ቀመር የለኝም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሕንፃ ከፋብሪካና ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ጋር በምድብ «ሐ» አድርጎ፥ በየከተማው የሕንፃ ሹምና ተቆጣጣሪዎች እንዲኖሩ ደነገገ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ወደ ሥራ ቦታ እንዲገባ ሥልጣን ሰጠው። የልጁ ወንድም ከወደቀበት ጉድጓድ አፍ መቆም የነበረበት ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። ለእኛ አገርም ሩቅ አይደለም፤ ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ትልቁ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እህልና የቅባት እህል በሚዘጋጅበት ፋብሪካ ደግሞ ባልዲዎችን በቀበቶ ወይም በሰንሰለት እያዞረ ፍሬውን ወደ ላይ የሚያወጣ መኪና የተለመደ ነው። እሱም የእህል አሳንሰር ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሽከረከር እጅ የሚያስገባ ሰው አያጣም።

«የአሳንሰር ተቆጣጣሪ» የሚል ክፍት የሥራ መደብ በማዘጋጃ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጁን በሌላ በር ግባ አልሁት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ወይም መካኒክነት ደረጃ በደረጃ ትማራለህ፤ የብቃት ማረጋገጫውን ፈተና ታልፋለህ፤ ከጠጋኞች ሥር ሆነህ እጅህን ግሪስ ታስነካለህ፤ ከዚያ በዲግሪ ቀጥለህ ለተቆጣጣሪነት ትወዳደራለህ። ዓመታት ይፈጃል። ግን በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያው ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። የኔም ተማሪዎች ዕድሜያቸው ክፍላቸውን ቀድሞታል። የቀሩትን 97 ከመቶ ሁሉ «እንደገና ተፈተኑ» ብሎ ማሰናበት ለእኔ ምክር አይመስለኝም።

በአንድ የገበያ ቀን አባትየው በርበሬ ሊሸጡ መጥተው ቤቴ ገቡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በበርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ግን የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ይመስል «የኔታ» ይሉኛል።

«የኔታ፥ አንዱን ልጄን ሕንፃ በላብኝ። ይኸን ደግሞ ወደዚያው ልስደደው?»

«አባቴ፥ እሱ የሚማረው ሌላው እንዳይወድቅ የሚጠብቅበትን ሥራ ነው።»

«ታዲያ ከጉድጓዱ አፍ የሚቆመው እሱ ነው ማለት ነው?»

«አዎን። ግን መብራት ይዞ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አደጋ የለበትም ብዬ ልዋሻቸው አልፈለግሁም፤ ተቆጣጣሪው ራሱ በሳጥኑ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፥ ከጉድጓዱም ሥር ገብቶ የሚሠራ ሰው ነው። ቀጥለው «ደመወዙስ?» አሉኝ።

«ከኔ እምብዛም አይበልጥ።»

ቤቴን ዞር ዞር ብለው አዩና «እሱንማ አይቸዋለሁ» አሉ።

በሬ ሊሸጡ አስበው ነበር፤ የዚያ ዓመት በርበሬ ዋጋ ስላወጣ በሬው ቀረ። ልጁ ዛሬ በኤሌክትሪክ ሥራ ሁለተኛ ደረጃውን ጨርሶ ሦስተኛውን ጀምሯል። ባለፈው ወር ስልክ ደውሎ፥ ከሚከራይበት ቤት አጠገብ በሚሠራ ፎቅ ላይ ሁለት የአሳንሰር ጉድጓዶች አፋቸው ክፍት እንደ ሆነ ነገረኝ። ለዘበኛው ቢያመለክት «አንተ ማነህና?» ብሎ አባርሮታል። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ እኔ በስልክ እየነገርሁት እሱ ጻፈው። አንድ ገጽ ሆነ፤ ፎቁ የሚገኝበትን ቦታ፥ ጉድጓዶቹ ያሉበትን ወለልና ያየበትን ቀን አስገባን። የቀን ሠራተኞቹ የሚወጡበትን ሰዓትም እሱ ራሱ ጨመረበት። ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስገብቶ የመዝገብ ቁጥር ተቀብሏል፤ በየሰኞው እየሄደ ይጠይቃል።