ዕጣው ለአንድ ሰው፥ ወሬው ለሁሉ

ማስታወቂያ የሚባለው ነገር በአራዳ አዲስ አይደለም። ገበያው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረበት ዘመን የመንግሥት አዋጅ በነጋሪት የሚሰማው በዚሁ ሥፍራ ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ሻጭ ሚዛኑን፥ ገዢ ክርክሩን ትቶ ጆሮውን ይሰጣል። ትልቁ ሥራ የሚጀመረው ግን አዋጁ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይኸውም የሰሙትን ነገር እየበለቱ ማውጣትና ማውረድ። ጣልያን ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው፤ ሠፈሩንም ፒያሳ አሰኘው፤ ነገር የመበለቱን ልማድ ግን ሊወስደው አልቻለም።

ዛሬ ነጋሪቱ ቴሌቪዥን ሆኗል። በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከጧት እስከ ማታ ይናገራል። የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ከተከለከለ ወዲህ ያን ሁሉ ጭፈራና ያን ሁሉ ሳቅ ባንኮቹ የወረሱት ይመስላል። ከሁሉ ይልቅ የሕዝቡን አፍ ያስከፈተው ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያለ ዙር በዙር ያካሄደው ዘመቻና ሌሎችም ባንኮች በየፊናቸው ያወጡት የዚያው ዐይነት ማስታወቂያ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው። ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ያስቀመጠ ሰው የዕጣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ዕጣው ይወጣል፤ ባለዕድሉ ሽልማቱን ይዞ ይሄዳል።

እኛ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ የምንወርደው ቡና ለመጠጣት እንጂ ጥናት ለማካሄድ አይደለም። ሆኖም አዲስ ዙር በተጀመረ ቁጥር በቡና ቤቱ የሚባለውን መስማታችን አልቀረም፤ የሰማነውም ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሚገባ መስሎ ታየን። ምክንያቱም ነገ ተመርቀን በየባንኩ የምንቀጠረውና ማስታወቂያውን የምንጽፈው እኛው ነን።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። ባንክም ቴሌቪዥንም የዚህ ሠፈር ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ባንክ፥ የአቢሲኒያ ባንክ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኋላም በአራዳ ሕንፃ ተሠራለት። ይኸው ባንክ በ1907 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ ሕዝቡ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ ወደ ማርያ ትሬዛው ብር ተመለሰ። ብሩ በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፤ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ይጮኻል፤ ቢቀብሩትም አይበሰብስም። ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው ቃል ብቻ ነበር። ቴሌቪዥንም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው ከፒያሳ ፈቅ ብሎ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እንግዲህ የአራዳ ሰው ባንክ ቃል ሲሰጥም ሥዕል ሲናገርም ከሌላው ቀድሞ የሰማ ነው። በቀላሉ አይደነቅም።

ማስታወቂያው ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው። በሥዕሉ ውስጥ የባንክ ሠራተኛዋ ጥርሷ እስኪቈጠር እየሳቀች ደንበኛዋን ትቀበላለች። አንድ የታክሲ ነጂ ማኪያቶውን እያማሰለ፥ «እኔ የምሰለፍበት መስኮት ላይ ያለችው የዚህች እኅት አትሆንም» አለ። ቤቱ በሙሉ ሣቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ፥ «ሳቋ የሚጀምረው ስታስገባ ነው፤ ልበደር ስትል ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ታሳይሃለች» ብሎ ጨመረበት። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ስንፍና ብሎ የሚንቅ ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በጨዋታው ውስጥ ቁም ነገር አገኘንበት። ሕዝቡ ማስታወቂያውን የሚመዝነው በመስኮቱ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ ነው። በቡና ቤቱ በር ላይ ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ የዕጣ ቁጥሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በብሩሽ ሳጥኑ ውስጥ ያኖራል። «ጋሼ፥ ቁጥሩ ሲወጣ ያዩልኛል አይደል?» ሲል ጠየቀን። መኪና ቢደርስህ ምን ታደርገዋለህ ብንለው፥ «እሸጠዋለሁ እንጂ! ማን ቤንዚን ይሞላዋል?» አለን። ይህ ልጅ ቀድሞ ገንዘቡን ከአልጋው ፍራሽ ሥር ነበር የሚደብቀው፤ ወደ ባንክ ያስገባው ማስታወቂያው ነው። እውነቱን መናገር ይገባልና፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍራሽ ሥር ያለ ገንዘብ ሌባ ይወስደዋል፥ እሳት ይበላዋል፤ ለአገርም ለባለቤቱም አይሠራም።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ዐይናቸውን ከሲኒያቸው አላነሡም። እርስዎስ ምን ይላሉ ሲባሉ፥ «እኔ ወለድ አልበላም፤ ይህ ለእኔ የተነገረ አይደለም» ብለው አሳጠሩት። የእርሳቸው ዐይነት ዝምታ የብዙ ሰው ዝምታ ነበር፤ ሰሚም አላጣ። ባንኮች ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሕዝብ ለማስታወቂያ የሚሰጠው መልስ ከንቱ እንዳልሆነ ለዚህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሁሉም ይልቅ በልባችን የቀረው ግን በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት የተናገሩት ነው። ቡናቸውን ቆመው እየጠጡ ማስታወቂያውን አዩና እንዲህ አሉ፦ «የእኛም ዕቁብ ዕጣ ያወጣል። የእኛ ዕጣ የሚለየው ማን ይቀድማል የሚለውን ነው እንጂ ማን ይቀራል የሚለውን አይደለም።»

የፋይናንስ መምህር በአንድ መንፈቀ ዓመት የማይጨርሰውን ነገር እኒህ እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። በዕቁብ ዳኛ አለ፥ ጸሐፊ አለ፥ ዋስ አለ። ዛሬ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው መጣሉን ዋሱ ይመልስለታል። ሁሉም ያዋጣል፥ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ ዕጣው የሚያስተካክለው ተራውን ብቻ ነው። በባንኩ ዕጣ ግን ሁሉም ያስቀምጣል፥ አንዱ ይሸለማል፥ የቀረው በቴሌቪዥን ያያል። ዕድሉን ሊሞክር ለሚፈልግ ሰው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ሎተሪ አለለት። ከባንክ የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው።

ለመሆኑ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ምን ያገኛል? በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። 1,000 ብር በዚህ ልክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ይኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ በመጨረሻው ቢያንስ 1,300 ብር ያስወጣ ነበር ማለት ነው። ያ ቆጣቢ በደብተሩ ላይ 70 ብር ተጨምሮለት በገበያው ከ230 ብር የማያንስ ጎድሎበታል። ይህን ያደረገው ባንኩ ብቻ ነው አንልም፤ የዋጋ ነገር ብዙ ምክንያት አለው። የምንለው ይህ ብቻ ነው፦ ማስታወቂያው የአንዱን ሰው ሽልማት በከበሮ ሲናገር የሁሉን ሰው ሒሳብ በዝምታ አልፎታል።

ያለፈው ደግሞ የሚጎዳውን ብቻ አይደለም፤ የሚጠቅመውንም ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረቱን መያዣ አድርጎ እንዲበደር ሕጉ ፈቅዷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በባንክ ለተቀመጠ ገንዘብ ዋስትና የሚሆን የመድን ፈንድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቁሟል። ይህን ነገር በዚያች ቡና ቤት ለተቀመጡት ብናነሣላቸው የሰማ አንድ ሰው አላገኘንም። የጨርቅ ነጋዴው ጨርቃቸው መያዣ ሊሆን እንደሚችል ቢያውቁ ለእርሳቸውም የተነገረ ነገር በተገኘ ነበር። የጫማ ጠራጊው ልጅም ገንዘቡ ዋስ እንዳለው ቢነገረው ከዕጣ ቁጥሩ የበለጠ ባጽናናው ነበር። መኪናውን ግን ሁሉም አይቶታል፤ ቀለሙን ሳይቀር ያውቀዋል።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዓት ተሰናክሎ ሰዎች በሒሳባቸው የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ እንደ ገለጠው የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ካወጡትም መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሬው ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ሮጠ፤ በየግቢው ባለው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ቆመ። ዩኒቨርሲቲዎች መልሱ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። ብዙው ገንዘብ ተመለሰ። በፒያሳ ግን ሰሞኑን በሙሉ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚለው ቃል እየተገለበጠ ሲቀለድበት ሰነበተ።

ቀልዱ አላሳቀንም። የሌላ ሰው ገንዘብ የሌላ ሰው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ የምንናገረውም ማመካኛ ለመፈለግ አይደለም። ነገር ግን አንድ ትውልድ ከልጅነቱ ጀምሮ ገንዘብ በዕድል ይመጣል፥ ማሽኑ ይሰጣል፥ ቁጥሩ ይወጣል የሚል ነገር በየማታው እየተነገረው ካደገ፥ አንድ ሌሊት ማሽኑ ዝም ብሎ ሲሰጥ ያን ጊዜ ዕጣው የወጣ ቢመስለው ይገርማልን? «ሁልጊዜም የሚተማመኑበት ባንክ» የሚለው የባንኩ መፈክር ጥሩ ቃል ነው። መተማመን ግን በሁለት ወገን የሚቆም ነገር ነው። ባንኩ ሕዝቡን እንደ ባለዕጣ ሳይሆን እንደ ባለገንዘብ ካላነጋገረው፥ ሕዝቡም ባንኩን እንደ ሎተሪ ሻጭ እንጂ እንደ አደራ ጠባቂ አያየውም።

ነገሩን ከበፊቱ የበለጠ አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የፒያሳ ብዙው ክፍል ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያን የመሰለው ሠፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። የቅመም ሻጯ እናት ዕቁብም አብሮ ተበተነ። ዕቁብ ጎረቤት ይፈልጋል፤ ዋሱን በቤቱ በር፥ ጸሐፊውን በእድሩ ድንኳን የምታውቀው ሲሆን ነው የሚጸናው። አንዱ ለገሃሬ፥ አንዱ ገላን፥ አንዱ አራብሳ ከሆነ ማን ለማን ዋስ ይሆናል? እኒህ እናት ዛሬ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ከባንክ በቀር አላገኙም። ቀድሞ ቢስቁበት አማራጭ ነበራቸውና ነው። አሁን ባንኩ በዕቁቡ ዳኛ ቦታ ተቀምጧልና እንደ ዳኛ ሊናገር ይገባዋል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ባንኮች በሩን የሚከፍት አዋጅ አጽድቋል። የሚመጡት ባንኮች ሥዕላቸው ከእኛዎቹ የተሻለ፥ ሳቃቸውም የበለጠ የጠራ ሊሆን ይችላል። አማርኛውን ግን የሚጽፍላቸው ከየት ይመጣል? ከእኛው ግቢ ነው። ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን አንድ ነገር ልንል እንወዳለን። ነገ ጠረጴዛው ሲሰጣችሁና «ሕዝቡን የሚስብ ነገር ጻፉ» ስትባሉ፥ የምትጽፉት ለማይገባው ሰው አይደለም። የዚህ አገር ሰው ወረቀቱን ገልብጦ የሚያይ፥ ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ወለዱ ስንት እንደ ሆነ፥ ብድሩ ለማን እንደሚሰጥና በምን መያዣ፥ ገንዘቡ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ አማርኛ ጻፉለት። ከዚያ በኋላ ቦታ ከተረፋችሁ መኪናውን አሳዩት፤ አይጠላም።