ጎብዬና አብሽር

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ ጎብዬን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። እኔ ግን ስሟን በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ማሽላ ነው። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ከሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላሉ። ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የምርምር ሥራ የተገኙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያስገኘላቸውም ይኸው የማሽላ ሥራ ነው።

አቀንጭራን የራያ ገበሬ አሳምሮ ያውቃታል። አበባዋ ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠምጠዋለች። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል። ጎብዬና አብሽር ይህን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ ነው የሚያመነጩት። ጠላታቸውን አይጠሩትም፤ መቋቋማቸው ይኸው ነው።

መቋቋም ለማሽላው በረከት ነው። ክረምቱ ወጥቶ በየጉድባው ውሃ ሲያቁር ግን በዚያው ሜዳ ሌላ ጥገኛ ይነሳል፤ ወባ። በእሱ ዘንድ መቋቋም ሌላ ትርጉም አለው።

ጤና ኬላ ደጃፍ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እናት በትኩሳት የሚነድ ልጇን አዝላ ትመጣለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወሎ ወግ «አብሽሪ» ትላታለች። የልጁን ጣት ወጋ አድርጋ አንዲት የደም ጠብታ መመርመሪያው ላይ ታኖራለች፤ ፈሳሹን ጨምራ ትጠብቃለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። ያ ቅላት ብዙውን ጊዜ ወርቅ ነው፤ ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በየቅንጣቱ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ ተለጥፏል። ላም ከመንጋው መሃል ጥጃዋን አሽትታ እንደምትለይ፣ አንቲቦዲም ከዚያ ሁሉ ደም ውስጥ የወባውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል።

መስመሩ ወባ መኖሩን ይናገራል፤ ወባው መድኃኒት የለመደ መሆን አለመሆኑን ግን አይናገርም። ክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ያሸነፈው አንድ ትንሽ የጥገኛው ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያገኙት በ424 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሆኖ ተገኘ። በ76ኛው ቦታ ላይ ያለው ሲለወጥ፣ ከሌሎች ለውጦች ጋር ተባብሮ፣ ክሎሮኪኑን ከጥገኛው ምግብ መፍጫ ከረጢት አውጥቶ ይጥለዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው እዚያ ከረጢት ውስጥ ስለሆነ፣ ከወጣ ከንቱ ነው። ፕሮቲኑ በከረጢቱ ሽፋን ላይ መቀመጡን ያሳየውም እሱን ብቻ እንዲለይ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቅርጹ በረቂቅ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ፣ ፕሮቲኑ ብቻውን ለማየት ስለሚያንስ የአንቲቦዲ ቁራጭ ተጣብቆበት ነበር።

የካንሰር ሕዋስም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ተመራማሪዎቹ ጁሊያኖና ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያገኙት ፒ-ግላይኮፕሮቲን መድኃኒቱን ከሕዋሱ ወደ ውጭ እየገፋ ያስወጣል። በየትኛው ሕዋስ ላይ እንደበዛ ቀለም አስይዘው የሚያሳዩትም አንቲቦዲዎች ናቸው።

ወደ ወባ እንመለስና፣ አገራችን የእሱን ጉዳትና መድኃኒት መልመዱን በዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ወባ አልበጅ ሲል እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንሲዳር ተተካ፤ እሱም ሲደክም በ2004 ኮአርተም መጣ። ዛሬ በኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ወገን መላመድ የጀመረ ወባም በአገራችን ታይቷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ትኩሳት ሲይዛችሁ ሳትመረመሩ ኪኒን አትዋጡ። ኮአርተም ከታዘዘላችሁ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቱንም ቀን ጨርሱት። «ተሽሎኛል» ብላችሁ የተረፈውን ለጎረቤት አታካፍሉ፤ ግማሽ መድኃኒት ወባውን ያስተምረዋል እንጂ አይገድለውም። ይህን ካደረጋችሁ፣ አብሽሩ።