ትንሿ ኤሊ ስትታመም

አንድ ተማሪዬ የታመመች ትንሽ ኤሊ ይዞልኝ መጣ። ዓይኗ አብጧል፤ ቅርፊቷም ሲነኩት ይለሰልሳል። «መምህር፣ ወተት ላጠጣት?» አለኝ። ኤሊ ግን ከእንቁላል ትፈለፈላለች እንጂ ጡት አትጠባም፤ ወተትም አይስማማትም።

የእንስሳት ሐኪሙ እንደ ነገረን የጎደላት ፀሐይና ካልሲየም ነው። በመስኮት መስተዋት የሚገባው ፀሐይ አይበቃትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግቢ እናወጣታለን፤ ጥላም እናበጅላታለን። አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውኃ 15 ደቂቃ እናቆያታለን። ሐኪሙ የሰጠንንም ዱቄት በቅጠል ላይ እንነሰንሳለን።

በ3ኛው ሳምንት አንዲት ቅጠል ነከሰች! ቅርፊቷ እስኪጠነክር ግን ወራት ይፈጃል።

ልጆች፣ ኤሊ ሲያማት አትጮኽም። የሚያስታምማት ሰው በዓይኑ አይቶ ሊያውቅላት ይገባል። በእናንተ ቤት ያለው እንስሳስ ዛሬ በልቷልን? ሄዳችሁ እዩት። ደኅና ሁኑ።