መንገድም አሳዳጊ ይፈልጋል

ዓለም ውጫሌን የሚያውቃት በ1881 ዓ.ም. ውል ነው። እኔ ግን ውጫሌ ሲባል ትዝ የሚለኝ ከደሴ ወልድያው አስፋልት ወርደን ወደ አምባሰል ቀበሌዎች የምንታጠፍበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ መስኮት ይዘጋል፤ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ገጠር ሲወጣም ያው ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በአገራችን ብዙ ቀበሌ የጠጠር መንገድ አገኘ። መንገድ ሲመረቅ እልል እንላለን። ከእልልታው በኋላስ ማን ያሳድገው?

ጠጠር ያልቃል ወገኖቼ። ብዙ ጊዜ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው በጎማና በጎርፍ ይሄዳል። 15 ሴንቲ ሜትር የለበሰ መንገድ በስድስት ሰባት ዓመት ውስጥ አፈሩ ይገለጣል። የሄደውን ለመመለስ እንደገና ተራራ መቆፈር፣ እንደገና ገልባጭ መኪና ማመላለስ ነው።

ጠጠሩ ሳያልቅ በስስ ሬንጅ ማሸግ ይቻላል። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመሩት፣ ኬንያና ቦትስዋናም የሠሩበት ኦታ ሲል የሚባል ዘዴ አለ። የተመረጠ የክሬሸር ድንጋይ የግድ አይልም፤ ደህና የአካባቢ ጠጠር ተነፍቶ ይበቃዋል። ለስላሳ ሬንጅ በትኩሱ ይረጫል፣ ጠጠር ይበተንበታል፣ ሮለር ይመላለስበታል። ከዚያ መኪናው ራሱ እያሸው ሬንጁ በጠጠሩ መሃል ወደ ላይ ይወጣል። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎማ ወደ ዳር የበተነውን ጠጠር በመጥረጊያ ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ከአዲስ አበባ ሰው አይጠራም፤ የመንገዱ ጎረቤት ሠልጥኖ ነው የሚሠራው።

ሥልጠናው ግን ከሬንጅ ሳይሆን ከውሃ ይጀምር። የመንገዱ መሃል ከፍ ብሎ ውሃውን ግራና ቀኝ ካላወረደ፣ ቦዩ ካልተጠረገ፣ ቱቦው በደለል ከታፈነ፣ ከላይ የለበሰው ሬንጅ ክረምትን አይሻገርም። በአምባሰል ተዳፋት እርከን የሠራ ገበሬ ደግሞ ውሃ በየት መጥቶ በየት እንደሚሄድ ያውቃል። የጎደለው የመንገዱ ሙያና ቋሚ ደመወዝ ነው።

መስከረም 21 እዚያው አምባሰል ወዳለችው ግሸን ማርያም የሚወጣው ምዕመን ጉዞ የሚጀምረው ክረምቱ ገና እንደወጣ ነው። ምጥ የያዛት እናት ደግሞ በጋን አትጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቦዩ በግንቦት ይጠረግ። ከእንግዲህ መንገድ ስንመርቅም፣ ሪባኑ በተቆረጠበት ቀን አካፋና መጥረጊያ የሚረከቡት የቀበሌው ልጆች በስማቸው ይጠሩልን።