ከክፈፉ ውጭ

ፎርት ስኔሊንግ ላይ በረዶ ሲጥል ባደረበት ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን ያስተካክላል። ከፊቱ የቆመው ነጭ የራስ ቁር የደፋ ወታደር ቁመቱ አሥር ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሌንሱ ከአሻንጉሊቱ ዓይን ትክክል ሲወርድ ግን እፍኝ በረዶ ተራራ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው የምሽጉ ክብ የድንጋይ ግንብ ደብዝዞ የሌላ ፕላኔት ከተማ ይመስላል። አሻንጉሊት ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ዘዴ ይኸው ነው፤ ዝቅ ማለት፣ መቅረብ፣ ትንሽነቱን የሚያጋልጠውን ሁሉ ከክፈፉ ማስወጣት።

«ስታር ዋርስ» በአሜሪካ መታየት የጀመረው ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ኬነር የተባለው ኩባንያ አሻንጉሊቶቹን ለቀጣዩ የፈረንጆች ገና ማድረስ ስላልቻለ የሸጠው ባዶ ካርቶን ነበር። ልጆቹ ከካርቶኑ ያገኙትን ወረቀት መልሰው ይልካሉ፤ አሻንጉሊቶቹ ከወራት በኋላ በፖስታ ይመጡላቸዋል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያንን ካርቶን እንደ ቅርስ ይፈልጉታል።

በዚያው 1969 አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ሰውየው ያኔ ገና ልጅ ነው። ወታደሩን ያመጣለት በ1971 ከውጭ የመጣ ዘመድ ነበር። ፊልሙን አያውቀውም። ጠመንጃው በሁለተኛው ቀን ጠፋ፤ በምትኩ የክብሪት እንጨት አስያዘው። አልጋ ላይ የተዘረጋ ነጭ ጋቢ የጦር ሜዳው ነበር፤ ወታደሩም ቤቱን የሚጠብቅ ደግ ዘበኛ። በፊልሙ ውስጥ የጨካኙ መንግሥት ወታደር መሆኑን ያወቀው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው።

አሁን ምድር ቤቱ ያለው መደርደሪያ ሞልቷል። ቡና ላይ የክብሪቱን ጨዋታ ሲያወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። አልጋው የማን እንደነበር ግን ተናግሮ አያውቅም።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ሰዎች ታስረው ነበር» አለች ልጁ፣ እጆቿን ኪሷ ከትታ። ትምህርት ቤት ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1862 ከነበረው ጦርነት በኋላ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ከ1,600 በላይ የዳኮታ ሰዎች ከምሽጉ ሥር ወንዙ ዳር ታግተው ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ብዙ ሰዎች እዚያው ሞቱ። ሚሲሲፒና ሚኒሶታ የሚገናኙበትን ይህን ስፍራ ዳኮታዎች ብዶቴ ይሉታል፤ የሕዝባቸው መነሻ አድርገው የሚያዩት ቦታ ነው።

«ለምን ሁልጊዜ ትተኛለህ? እስቲ ቆመህ አንሳው።»

ቆሞ አነሳው። ወታደሩ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የልጅቷ ቦት ጫማ፣ ሰውየው የተኛበት ጉድጓድ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ሁሉም ገባ። እንደ ፎቶ ምንም አይረባም። አላጠፋውም።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ጥቂት ቆየ።

«ያ ጋቢ የወንድም ጋሼ ነበር» አለ። «ከወሰዱት በኋላ እናቴ አልጋውን አላነሳችውም። እኔ ብቻ ነበርኩ የምወጣበት።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ወታደሩን ከኪሱ አውጥቶ በረዶውን ጠረገለትና ሰጣት።